አንድ ድምፀ ተአቅቦ

ነሐሴ 20 ቀን 1977፣ ሰኞ

የዝውውር ማመልከቻዬን ዛሬ አስገባሁ። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የእናቴ የጉልበት ሕመም» ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩበትን ቤት በአንድ ገጽ ተኩል ለቀቅኩት ማለት ነው።

የክፍሉ ኃላፊ መነጽሩን አውልቆ ሁለት ጊዜ አነበበው። «የሺሃረግ፣ ሰው እኮ ከዘጠነኛ ክፍል ወደ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሄደው» አለኝ። ትምህርት ቤቱ የካ ተራራ ሥር ነው፣ በከፍታ ከሆነስ እኔ ነኝ የምበልጠው አልኩት። አልሳቀም። እኔም የምስቅበት ሆድ አልነበረኝም፤ አፌ ነው ሲጨንቀው የሚቀልደው።

ስመለስ ውይይት ታክሲ ያዝኩ። ይህን ስም ያወጣለት ሰው እንዴት ያለ ተንኮለኛ ነው! ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን፣ ዐይን ለዐይን ተፋጠን፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም። ሾላ ላይ ሁለት ሴቶች ዘንቢላቸውን ይዘው ገቡና ዝም ማለቱን አላወቁበትም።

«ያንን መምህር ወሰዱት አሉ።»

«የቱን?»

«ጴንጤውን። ኮተቤ ያለውን፣ ረጅሙን።»

«ምን አድርጎ?»

«ምን ያደርጋል፤ ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ሲባል አላወጣም ነው የሚሉት።»

እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ። ረጅሙ ጴንጤ ኢታና ኤጀታ ነው። ስድስት ዓመት ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነበር። ከታሰረ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው።

ማመልከቻዬ ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። እናቴን በእውነት ጉልበቷን ያማታል።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ

የኢታና ሚስት አሳየች መጣች። ዝናብ ደብድቧታል፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። እናቴ ሻይ አቀረበችላት፤ በሁለት እጇ ይዛው ቀዘቀዘ።

«የሺዬ፣ ያንን ቃለ ጉባኤ የጻፍሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ።

እኔ ነኝ አልኳት። ምን እላለሁ፣ ስሜ ከታች አለ።

ነገሩን እዚህ ልጻፈው፣ ምናልባት ጽፌው እገላገል ይሆናል። ሰኔ 21 ቀን የመምህራን ስብሰባ ነበር። ለሰፈራው ዘመቻ የድጋፍ መግለጫ ይውጣ ተባለ። ኢታና ተነሣና «ቤቶቹ ከክረምቱ በፊት ይደርሳሉ ወይ? ስንት ቤት፣ በስንት ወር?» ብሎ ጠየቀ። የሚያስተምረው ስታትስቲክስ ነው፤ ቁጥር ካልሰማ እህል አይወርድለትም። ሰብሳቢው ጓድ አባይነህ አልመለሰለትም። «የምትደግፉ እጃችሁን» አለ። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። የወጡትን እጆች ቆጠርኩ፤ አርባ አንድ። የተገኙትን ደግሞ ከመፈረሚያው ወረቀት ገለበጥኩ፤ አርባ ሁለት። እንደ ደንቡ «በአርባ አንድ ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ» ብዬ አሰፈርኩ።

«በሙሉ ድምፅ» ብዬ ብጽፍ ማን ይጠይቀኝ ነበር? ማንም። የሒሳብ ሰው ነኝና አንዷን ጎደሎ መዝለል አቃተኝ። ወረቀቱ ወደ ላይ ሄደ፤ ከላይ «ያ አንዱ ማን ነው?» ተብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ የሰው ዐይን ሁሉ ጥያቄ ወደ ጠየቀው ሰው ዞረ።

«አንድ ጊዜ አገናኝተውኛል» አለች አሳየች። «‹ጥያቄ ጠይቄ ነበር፣ ግን እጄን አውጥቻለሁ› ነው የሚለው። ሌላ ነገር አይወጣውም። ታዲያ አንቺ ስትቆጥሪ ማንን አጣሽ?»

«እጅ ነው የቆጠርኩት እንጂ ፊት አልቆጠርኩም» አልኳት።

አመስግናኝ ሄደች። ማመስገኗ ነው ያቃጠለኝ።

መስከረም 6 ቀን 1978፣ ሰኞ

የመጀመሪያ ቀን። ዘጠነኛ ለ፣ ሰባ ስምንት ተማሪ። ገባሁ፣ ጠመኔ አነሣሁ፣ ስለ ስብስብ ማስረዳት ጀመርኩ። ዞሬ እጽፋለሁ፣ ተመልሼ እናገራለሁ፣ ልጆቹ ቀጥ ብለው ቆመው ያዩኛል። ወይ ትጋት አልኩ በልቤ፤ ዘጠኝ ዓመት እንቅልፋም ስቀሰቅስ የኖርኩ ሰው! ሃያ ደቂቃ አለፈ። ከኋላ ያሉት ግድግዳ መደገፍ ጀመሩ። በመጨረሻ የክፍሉ አለቃ እጇን አወጣች፤ ዘርትሁን ትባላለች፣ ቀጭን፣ አፏ የሚቸኩል ልጅ።

«ቲቸር፣ ተቀመጡ አላሉንም።»

ለካ መምህር ሲገባ ተነሥተው፣ ተቀመጡ እስኪባሉ ይጠብቃሉ! ዩኒቨርሲቲ ማን ይነሣልኛል፤ ከእነ ልማዱ ረስቼዋለሁ። ሁላችንም ሳቅን፣ እኔ ቀድሜ። ኋላ መምህራን ክፍል ብቻዬን ቁጭ ስል ግን ነገሩ አላስቅ አለኝ። ሰባ ስምንት ሰው፣ ሁሉም እግሩን እያመመው፣ ሁሉም ሌላው እስኪቀመጥ ይጠብቅ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ዓምደ ሚካኤል ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፤ ደወሉን እንኳን ለሰው አይሰጡም፣ ራሳቸው ናቸው የሚደውሉት። «እርስዎን ማግኘታችን ዕድላችን ነው፣ ወይዘሪት የሺሃረግ» አሉኝ። «ግን የዩኒቨርሲቲው መልቀቂያ አልደረሰኝም። የያዝኩዎ በጊዜያዊነት ነው። ያለ መልቀቂያ ከኅዳር 10 ወዲያ ላቆይዎ አልችልም።»

ይደርሳል አልኳቸው። ለምን አይደርስም?

መስከረም 13፣ ሰኞ

ከትምህርት በኋላ መልቀቂያዬን ልጠይቅ ሄድኩ። ጓድ አባይነህ ቢሮው አስገባኝ። የአንድ ዘመን ተማሪዎች ነን፤ ያኔ የፈተና ዕለት እጁ የሚያልበው ልጅ ነበር።

«መልቀቂያሽ ተፈርሞ እዚህ መሳቢያ ውስጥ አለ» አለኝ። «አንዲት ነገር ናት የጎደለችው። ቃለ ጉባኤው ማብራሪያ ተጠይቆበታል። ‹ድምፀ ተአቅቦ ያደረገው መምህር ኢታና ኤጀታ ነው› የምትል አንዲት መስመር። ከጸሐፊዋ በቀር ማንም ሊፈርማት አይችልም።»

«እሱ አላወጣም አላልኩም እኮ።»

«ታዲያ ማን አላወጣም?»

ዐይኔን ወደ መሳቢያው አዞርኩ።

«የሺሃረግ፣ ቁጥሩ ያንቺ ነው፣ እኔ አልፈጠርኩትም። አርባ ሁለት ሰው ገባ፣ አርባ አንድ እጅ ወጣ። ያ አንዱ ስም ካልተገኘለት ሁላችንም በየተራ ልንጠየቅ ነው። ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ልጆች አሉኝ።»

ይፈራል። እኔ ደግሞ ይህ ሰው የሚያስፈራ እንጂ የሚፈራ አይመስለኝም ነበር። ዛሬም እጁ ያልበዋል። አሳዘነኝ፤ በማዘኔም ተናደድኩ።

አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ምኑን ነው የማስበው!

መስከረም 19፣ እሑድ

እናቴ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«ዩኒቨርሲቲውን በእኔ ጉልበት ነው አሉ የለቀቅሽው!»

«ማን አለሽ?»

«ማን ያላለ አለ? የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ አይዞሽ ወለተጊዮርጊስ፣ ልጅሽ ጦረችሽ ሲለኝ ዋለ። ይኸው ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ በእግሬ ወረድኩት። ጉልበቴ ምን በደለሽ?»

ስቄ ላመልጥ ነበር፣ ክንዴን ያዘችኝ። «የዚያ የታሰረው ሰው ነገር ነው?» አለች። ራሷው ለቀቀችኝና «ተዪው። ዝም አይነቅዝም» አለች።

የሰው ዝም አይነቅዝ ይሆናል። የእኔ ነቅዟል።

መስከረም 24፣ ዓርብ

መምህራን ክፍል ልገባ ስል አስካለች፣ የጂኦግራፊዋ፣ ለሌሎቹ ስትናገር ሰማሁ። «ከዩኒቨርሲቲ ወደዚህ በፈቃዱ የሚመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወይ ተባርራለች ወይ ልትሰልለን ነው።»

ገባሁና ደብተሬን ዘረጋሁ። ማንም ቀና አላለም። ሁለቱም አይደለሁም ልላቸው ቃጣኝ፤ ሦስተኛውን ቢጠይቁኝ ግን መልስ የለኝም።

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ችኮላ ላይ ነኝ። ሰባ ስምንት ፈተና ማረም አለብኝ።

ባዶ ስብስብ ምንድን ነው ብዬ ጠይቄ ነበር። ዘርትሁን «ስሙ የሚጠራበት፣ ሰው ግን የሌለበት ክፍል» ብላ ጽፋለች። ሙሉ ሰጠኋት። ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ መልስ አላየሁም። ከእንጦጦ የሚወርዱት ልጆች ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ይዘው ይገባሉ፣ እግራቸውን ሣር ላይ ጠራርገው፣ ከደወል በፊት! ለካ ማስተማር ይህ ነው። እዚህ መቅረት እፈልጋለሁ። ስጽፈው ራሴ ደነገጥኩ፤ የመጣሁት ለመሸሸግ ነበር እኮ።

አሳየች ዛሬ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ምሳ አድርሳለት ስትመለስ ነው፤ ባዶው ምሳ ዕቃ በጨርቅ ተቋጥሮ ብብቷ ሥር ነበር።

«ሳል ጀምሮታል» አለችኝ። «ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኙት። አጠገብህ ማን ነበር ብዬ ጠየቅኩት፣ አላስታውስም አለኝ። የመኪና ታርጋ የማይረሳ ሰው፣ አጠገቡ የተቀመጠውን እንዴት ይረሳል?»

ደወል ተደወለ ብያት ገባሁ። ደወል አልተደወለም ነበር።

ስብሰባው ላይ ኢታና የተቀመጠው በግራዬ ነበር። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

አቶ ዓምደ ሚካኤል ስለ መልቀቂያው ሊጠይቁኝ አስጠሩኝ፤ ክፍሉን ለዘርትሁን ትቼ ወጣሁ። እንደ ልማዱ መምህር ሲወጣ አለቃዋ የረባሾችን ስም ትመዘግባለች። ስመለስ ክፍሉ ሾላ ገበያ ሆኗል። ወረቀቱ ላይ አሥራ አንድ ስም አለ። አሥራ አንዱን አስነሣሁ።

«ቲቸር፣ እሷም አውርታለች! ከሁላችንም በላይ!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሙሉ «አዎ! አዎ!» አለ።

«አውርተሻል?» አልኳት።

«አውርቻለሁ።»

«ታዲያ ስምሽ የታለ?»

ዘርትሁን ምንም ሳታፍር፣ በሙሉ ልብ፣ «እኔማ እየጻፍኩ ነበር፣ ቲቸር። ጸሐፊ አይቆጠርም» አለች።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። አሥራ አንዱን አስቀመጥኩና እሷን ብቻ ሰሌዳው ሥር አንበረከክኳት፣ እስከ ደወል። ሰው በሌላው ስም እየተደበቀ እስከ መቼ ነው እያልኩ ጮህኩ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ግራ ገብቷት ብቻ ታየኝ ነበር።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ተማሪ አንበርክኬ አላውቅም። በሕይወቴ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እኔ አርባ ሊሞላኝ ነው። አንቺ ግፈኛ!

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ከአባይነህ ፖስታ መጣ። ማብራሪያው በታይፕ ተጽፎ፣ የኢታና ስም ገብቶ፣ የእኔ ስም ከታች ሰፍሮ፣ ፊርማ የሚያርፍበት በነጥብ ተሰምሮ። ጀርባው ላይ በእርሳስ፦ «ፈርመሽ መልሺ፣ መልቀቂያሽ በዕለቱ ይመጣል። ስለ ሁላችን ስትዪ።»

አንዲት ፊርማ። ከዚያ እዚህ እቀራለሁ፣ ዘጠነኛ ለን ዐሥረኛ አስገባለሁ። ኢታና እንደሆነ ታስሯል፤ የታሰረን ሰው ፊርማዬ ደግሞ አያስረው።

ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ ጽፌ ሳየው አንገሸገሸኝ።

አልፈረምኩም። አልቀደድኩትምም። ደብተሬ ውስጥ ነው ያለው።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ትናንት ዘርትሁንን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። «ኧረ ምንም አይደል ቲቸር፣ አውርቻለሁ እኮ» አለችና ተቀመጠች። በቃ። እንዲህ ይባላል ለካ።

እንግዲህ እኔም ልበለው። እጇን ያላወጣችው እኔ ነኝ።

እየጻፍኩ ነበር፣ እጄ እስክሪብቶ ይዞ ነበር፣ ጸሐፊ አይቆጠርም፤ አራት ወር ለራሴ ስለው የከረምኩት ይህንን ነው። እስክሪብቶው በቀኝ እጄ ነበር። ግራ እጄ ሥራ ፈትታ ጭኔ ላይ ተቀምጣለች። ኢታና የጠየቀውን እኔም በልቤ ጠይቄ ነበር፤ መልስ ሲያጣ አየሁና እጄን ማውጣት አስጠላኝ። ጸሐፊን ማን ያያል አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስል፤ ሌላው እንደማያየኝ ተማምኜ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ከተገኙት ጋር ራሴን ቆጠርኩ። ከሒሳብ መምህር በቀር እንዲህ በመቀነስ ራሷን የምታጋልጥ ሰው የለችም።

ኢታና አይቷል። እሱ ፈርቶ እጁን ሲያወጣ የእኔዋን ጭኔ ላይ አያት፣ ከዚያ ፊቱን ወደ መድረኩ መለሰ። ይኸው ሦስት ወር ሊሆነው ነው፤ አላስታውስም ይላል።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ለእናቴ ነገርኳት። ስነግራት ምስር ትለቅም ነበር፤ ሰፌዱን አስቀመጠችው።

«ከእኔ ሌላ ማን ሰማ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ማንም አይስማ። እሱ ሚስት አለችው፣ ወንድሞች አሉት፣ የሚጸልይለት ጉባኤ አለው። እኔ ማን አለኝ? አባትሽ አካሉ ቢኖር እንኳ አንድ ነገር ነው።»

«እማዬ፣ በእኔ ፋንታ ነው የተቀመጠው።»

«አውቃለሁ! አትንገሪኝ፣ አውቃለሁ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ሰፌዱን አነሣች፤ የለቀመችውን እንደገና መልቀም ጀመረች። አብሬያት ለቀምኩ። ኋላ ሳታየኝ፣ «ምን ብዬ እከለክልሻለሁ» አለች።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ። ደብተሩን ዛሬ ለእናቴ እሰጣታለሁ።

ጠዋት ለአቶ ዓምደ ሚካኤል መልቀቂያው እንደማይመጣ፣ እኔም ከነገ ጀምሮ እንደማልመጣ ነገርኳቸው። ምክንያት አልጠየቁኝም። «ዘጠነኛ ለን እኔ እይዛቸዋለሁ። ሒሳብ ግን የለሁበትም» አሉ። እስከ ምዕራፍ አራት ያዘጋጀሁትን ማስታወሻ ሰጠኋቸው። ክፍል ገባሁ፣ ተቀመጡ አልኳቸው፣ አስተማርኩ፣ ወጣሁ። ደኅና ሁኑ ለማለት ድፍረቱን አጣሁ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ፤ አባይነህ የታይፑን ወረቀት ስዘረጋለት ፊቱ በራ። ነጥቦቹ ላይ ፊርማ ሲያጣ ሁለተኛውን፣ በእጄ የጻፍኩትን አነበበ። «በሰኔ 21 ቀን 1977 ስብሰባ ድምፀ ተአቅቦ ያደረግሁት እኔ የቃለ ጉባኤው ጸሐፊ የሺሃረግ አካሉ ነኝ። መምህር ኢታና ኤጀታ እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል።»

«አንቺማ እየጻፍሽ ነበር!» አለኝ።

«በአንድ እጄ።»

«የሺሃረግ፣ ጸሐፊ አይቆጠርም በይና እንገላገል። ማን ይከራከርሻል?»

«ያን ጊዜ አርባ ሁለተኛው ማን ሊሆን ነው?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው፤ ወደ እሱ መለስኩት። ስልኩን አንሥቶ አስቀመጠው፣ ደግሞ አነሣው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አነጋገራቸው። ሲጨርስ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት እዚህ ነይ፣ ከዚህ ይወስዱሻል» አለኝ። ኢታናስ አልኩት። «እሱን እነሱ ያውቃሉ። ወረቀትሽ ዛሬውኑ ይደርሳቸዋል» አለ።

ላምበረት ወርጄ ወደ ኮተቤ በእግሬ ሄድኩ። ፈርቻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። አሳየች ደጃፏ ላይ ምሳ ዕቃ ታጥባለች። እንዳልቀመጥ ብዬ ቆሜ ነገርኳት።

«ያላወጣሁት እኔ ነበርኩ።»

ማጠቧን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለች።

«ነገረሽ?»

«እሱ? እሱማ ቢገድሉት አይናገርም። ጳጉሜን ላይ ዐይኔን እየሸሸሽ ‹እጅ ነው የቆጠርኩት እንጂ ፊት አልቆጠርኩም› ያልሽኝ ዕለት ነው ያወቅኩት። ደግሜ ትምህርት ቤትሽ ድረስ የመጣሁት ልጠይቅሽ መሰለሽ? ራስሽ እንድትዪው ነበር የጠበቅሁት።»

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። አላባበለችኝም። ምሳ ዕቃውን ደፍታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«በስንት ሰዓት ነው?»

«ነገ ሁለት ሰዓት።»

«ሁለት ካልሲ ደርበሽ ልበሺ። የፀጉር መርፌና ቀበቶ ይቀሙሻል፣ ይዘሽ አትልፊ። ጋቢ ያዢ፣ ወፍራሙን። ሲጠይቁሽ አጭር መልስ ስጪ።» የምሳ ዕቃውን ክዳን አነሣች። «ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። እሱ ይምጣና ከዚያ አየዋለሁ። ምሳ ግን እኔ ነኝ የማመጣልሽ። እናትሽ በሩን አያውቁትም፣ ጠባቂዎቹ ያንገላቷቸዋል፤ እኔ ለምጄዋለሁ።»

አሳየች እባክሽ አልኳት። አልሰማችኝም፤ የሆነ ነገር በልቧ ትቆጥር ነበር።

«የናንተ የነቢያት ጾም ሊገባ ስድስት ቀን ነው የቀረው» አለች። «ትጾሚያለሽ?»

እጾማለሁ አልኳት።